ወለሉ ሥር ያለው ሐይቅ

ስለ ወለል ንጣፍ ማውራት የፈለገ ሰው ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ቢጀምር ያዋጣዋል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው ከመረብ ይራገፋል፤ ቅርፊት ይፋቃል፣ ሆድ ዕቃ ይወጣል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። የተረፈውን አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዘይት ይንጨረጨራል፣ የዓሣ ሾርባ ይቀዳል፣ ጥሬውን በዳጣ የሚያጣጥም ደንበኛ ወንበሩን ይጎትታል። ለአንድ ወለል ከዚህ የከፋ ፈተና ማሰብ ይከብዳል፦ ውሃ፣ ደም፣ ቅባት፣ ትኩስ ዘይት፣ አሸዋ፣ የብረት ወንበር እግር፣ አንዳንዴም ከእጅ ያመለጠ ቢላ።

በዚህ አካባቢ ቤት የሚያድስ ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ንጣፍ ሊገዛ ሲወጣ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ማረጋገጫ አለ። ነጋዴው ካርቶኑን ይከፍትና ጣውላ የመሰለውን ፕላስቲክ በጥፍሩ እየፋቀ «ይሄ ውሃ አይነካውም የኔ እናት፤ ብታጥቢው፣ ብትደፊበት ምንም አይሆንም» ይላል። አልዋሸም። ቪኒል ውሃ አይጠጣም፣ አያብጥም፣ አይበሰብስም። ነጋዴው የሚናገረው ግን ከላይ ስለሚፈስ ውሃ ነው። ሐዋሳ ላይ፣ በተለይ ወደ ሐይቁ በተጠጋው ዝቅተኛ ቦታ፣ የቪኒል ወለልን የሚያበላሸው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከታች ነው።

በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ወይም ሊሾ ከሥሩ የሚወጣውን እርጥበት ወደ ላይ ያስተነፍሰዋል። እርጥበቱ ቀን ከሌት ይወጣል፣ አየር ይወስደዋል፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። ቪኒል ሲነጠፍበት መውጫው ይዘጋል። ውሃው ድሮም ነበረ፤ አዲሱ ነገር መታሰሩ ነው። ስለዚህ «የቱ ቪኒል ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሱቅ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ግማሹ ያለው ቤቱ መሠረት ላይ ነው።

ቪኒል የምንለው ፒቪሲ ነው። የውሃ ቱቦውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱም ከዚያው ነው። ከክብደቱ 57 በመቶው ከጨው የሚገኝ ክሎሪን ሲሆን ቀሪው ከነዳጅ ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን በ1872 እ.ኤ.አ. ፀሐይ ላይ በቆየ ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ጠጣር ሆኖ አገኘው፤ ደረቅና ተሰባሪ ስለነበር ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የረባ ሥራ አልተገኘለትም። በ1926 የቢ ኤፍ ጉድሪች ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ዋልዶ ሲመን ከማለስለሻ ፈሳሽ ጋር አሙቆ ቢያዋህደው የሚተጣጠፍ ነገር ሆነለት። በ1933 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቪኒል ወለል ለሕዝብ ታየ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ቦታውን ይዞ የነበረውን ሊኖሊየም እየገፋ አስወጣው። ሊኖሊየምን በ1860ዎቹ የፈጠረው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን ሲሆን ዋናው ግብዓቱ የተልባ ዘይት ነበር። ተልባን ለወጥና ለመጠጥ ብቻ ለለመደ አገር ይህ ትንሽ ያስቃል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ቅመም ነው ያላቸው፦ ፒቪሲ፣ ማለስለሻ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ቀለም። ማለስለሻው ሲበዛ የሚጠቀለል ምንጣፍ ይሆናል፤ የድንጋይ ዱቄቱ ሲበዛ ደረቅ ጣውላ ይሆናል። የቀረው ሁሉ የአደራረብ ጉዳይ ነው።

በየኪራይ ቤቱ የምናውቀው ፕላስቲክ ምንጣፍ የመጀመሪያው ወገን ነው። ከጥቅል ላይ በሜትር ተለክቶ ይቆረጣል፣ ሊሾው ላይ ያለ ማጣበቂያ ይዘረጋል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞችን ወደ ከተማዋ ሲያመጣ፣ ብዙዎቹ አንዷን ክፍል ለሁለትና ለሦስት ሆነው ተከራይተው ነው መኖር የጀመሩት። እንዲህ ባለ ክፍል ማስቲሽ ቀብቶ ወለል የሚያለብስ የለም፤ አከራይ አይፈቅድ፣ ተከራይ አያዋጣው። ምንጣፉ ይዘረጋል፣ አልጋው ይቀመጥበታል፣ ቤት ሲለቀቅ ተጠቅልሎ ከፍራሹ ጋር ባጃጅ ላይ ይጫናል።

ይህን ዕቃ መናቅ ይቀናናል፤ እኔ ግን አልንቀውም። አበባውና የእንጨት መልኩ በስስ ሽፋን ሥር የታተመ ሥዕል ስለሆነ በር አጠገብና ምድጃ ፊት ፈጥኖ ይላጣል፣ ነጩ ከሥር ይወጣል። እሱ እውነት ነው። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን አለው፦ ይነሣል። ከቪኒል ዓይነቶች ሁሉ ሥሩን በቀላሉ ገልጦ ማየትና ማድረቅ የሚቻለው እሱን ነው። ምድር ቤት የሚኖር ሰው በወር አንድ ጊዜ ያንሣው፣ ፀሐይ ያስመታው፣ ሊሾውን ለግማሽ ቀን አየር ያስነካው። ከግድግዳ ግድግዳ አጥብቆ ከመሙላት በዳርና ዳሩ አንድ ጣት ያህል ክፍት መተው ይሻላል። ከሥሩ ካርቶን ወይም ጋዜጣ የማንጠፍ ልማድ ግን መቅረት አለበት፤ ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ለሻጋታ ቀለብ ነው። ምንጣፉ ሲነሣ ጥቁር ነጠብጣብና የታመቀ ሽታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ነው።

የዚሁ የጥቅል ዘር ሆኖ ወፈር ያለ፣ ውስጡ የአረፋ ትራስና የመስታወት ቃጫ ያለው ዓይነት አለ፤ ከ2 እስከ 4 ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ስለሚመጣ መካከለኛ ክፍል ያለ መገጣጠሚያ ይሸፍናል። ለፎቅ መኝታ ቤትና ለልጆች ክፍል ጥሩ ነው፤ እግር ሥር ይመቻል፣ ድምፅ ያፍናል። የፍሪጅና የቁም ሣጥን እግር ግን ይሰረጉድበታል፤ ስርጉዱ ተመልሶ አይነሣም።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ደግሞ ፒቪሲ ታይልን ያውቃል። የኮንትራክተሮች የሥራ ዝርዝር ላይ 48 ሚሊሜትር ሲሚንቶ ስክሪድ፣ 2 ሚሊሜትር ፒቪሲ ታይል የሚል መስመር የተለመደ ነው፤ ተደምረው ልክ 5 ሴንቲሜትር ይሞላሉ። ታይሉ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ አጥፈው ቢሞክሩት ይሰበራል። የታተመ ሥዕል ስለሌለው አይላጥም፤ ሰም እየተቀባ ሲወለወል ረጅም ዓመት ያገለግላል፣ ሰሙ ከቀረ ግን ቆሻሻ ይጠጣና ይጨልማል። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አገር የተመረቱት አስቤስቶስ ስለነበረባቸው የቆየ ሕንፃ የሚያድስ ሰው አሮጌውን ታይል በመፍጫ እየፈጨ አቧራውን ማስነሣት የለበትም። ይህን ምክር ችላ የሚሉ ግንበኞች ብዙ ናቸው፤ ሳንባቸው ግን የራሳቸው ነው።

አሁን ገበያውን የያዘው ጣውላ መሰሉ ነው። ሁለት ወገን አለው። አንዱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ኤልቪቲ ነው። ሌላው በክሊክ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ ሊሾው ላይ ሳይጣበቅ የሚንሳፈፍ ደረቅ ጣውላ ነው፤ ከዚህ ውስጥ በብዛት የሚታየው ኤስፒሲ ነው። የኤስፒሲ ልብ አብዛኛው የድንጋይ ዱቄት፣ ቀሪው ፒቪሲ ሆኖ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይወፍራል። ወንድሙ ደብሊውፒሲ የአረፋ ልብ ስላለው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ከባድ ዕቃ ግን ይጎዳዋል። ለሐዋሳ የአየር ጠባይ ሙቀቱ ያን ያህል አያስፈልግም፤ ቢቀር አያስቆጭም።

ኤስፒሲ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማጣበቂያ አይፈልግም፣ ሠራተኛው በአንድ ቀን አንድ ክፍል ይጨርሳል፣ ሽታም አቧራም የለውም፣ መልኩ ከእንጨት አይለይም። ይሁን እንጂ የክሊኩ ምላስ ስስ ነው። ሥሩ ያለው ሊሾ ጎርበጥ ካለ በተረገጠ ቁጥር ምላሱ ይተጣጠፋል፤ ከጊዜ በኋላ ይቆረጣል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። በ3 ሜትር ርዝመት ከ5 ሚሊሜትር በላይ የማያጎድልና የማያስተርፍ ወለል ያስፈልገዋል። እኛ አገር በማንጠልጠያ ክርና በዓይን የተሠራ ሊሾ ይህን የሚያሟላው በዕድል ነው። ስለዚህ ከጣውላው ዋጋ ጎን የማስተካከያ ልስን ዋጋ መያዝ አለበት። ይህን ወጪ አስቀድሞ የሚነግር ሻጭ ካጋጠመ ደንበኛ መሆን ነው።

ፀሐይም ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ሐይቅ የሚያይ መስኮት ሁሉ ወደ ምዕራብ ያያል። በፔንሲዮንና በሆቴል ውድ የሚከራየው ሐይቅ ፊት ያለው ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ የሚቀበለውም እሱ ነው ማለት ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ረጅም ክፍል ላይ ልዩነቱ ሚሊሜትሮች ይደርሳል። ለዚህ ነው ክሊኩ ከግድግዳው 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት የሚተውለት፤ ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ክፍተቱን የረሳ፣ ወይም ጣውላው ላይ የኪችን ካቢኔት በቡሎን አስሮ መንቀሳቀሻ ያሳጣው ሠራተኛ፣ ወለሉ መስኮቱ አጠገብ ጉብ ሲል ጥፋቱን በዕቃው ያሳብባል። እንዲህ ላለ ክፍል በማጣበቂያ የሚያዘው ኤልቪቲ ይሻላል፤ መጋረጃም አይጠላም።

ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ስንት ሚሊ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ «ስድስት» ሲለው ከአራቱ ይልቅ ስድስቱን ይመርጣል። ጥያቄው ተሳስቷል። ዕድሜ የሚሰጠው አጠቃላይ ውፍረቱ ሳይሆን ሥዕሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ መከላከያ ሽፋን ነው፤ እሱ ካለቀ ሥዕሉ ይፋቃል፣ ከሥሩ አምስት ሚሊሜትር ድንጋይ ቢኖር ምንም አይጠቅምም። ለመኖሪያ ቤት 0.3 ሚሊሜትር ሽፋን ይበቃል፤ ሰው ለሚመላለስበት ሱቅና ካፌ 0.5 ወይም 0.55፤ ብዙ ሕዝብ ለሚረግጠው 0.7። አንዳንድ ካርቶን ላይ 12 ሚል፣ 20 ሚል ተብሎ ይጻፋል። ይህ የአሜሪካኖች መለኪያ ነው፣ የኢንች አንድ ሺኛ ማለት ነው፣ ከእኛ ሚሊሜትር ጋር አይገናኝም፦ 12 ሚል 0.3 ሚሊሜትር፣ 20 ሚል ደግሞ 0.5 ሚሊሜትር ነው። 20 ሚሊ ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይ ገዢው እንዳያውቅ ይፈልጋል።

የተሻለ ፋብሪካ ካርቶኑ ላይ ባለ ሁለት አኃዝ የአገልግሎት ቁጥር ያትማል። በአውሮፓው ምደባ የመጀመሪያው አኃዝ 2 ከሆነ ለቤት፣ 3 ከሆነ ለንግድ፣ 4 ከሆነ ለቀላል ኢንዱስትሪ ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚረገጥ ይናገራል። 22 መደበኛ ቤት፣ 33 ብዙ ሰው የሚገባበት የንግድ ቤት። ሐዋሳ ላይ ከዚህ ቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ ማለትን እመርጣለሁ። ምክንያቱ አፈሩ ነው። ከተማዋ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ናት፤ መሬቷ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ጠጠር የበዛበት ነው። በጫማ የሚገባው ብናኝ ለስላሳ ጭቃ ሳይሆን የሚሞርድ ነገር ነው፤ ሽፋኑን የሚበላውም እሱ ነው። በር ላይ የእግር መጥረጊያ ማድረግ ከየትኛውም ሰም ይበልጣል፤ መጥረጊያው ግን ሥሩ ጎማ አይሁን። ጎማ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ቪኒሉ ይገቡና በምንም የማይለቅ ቢጫ ቅርጽ ይተዋሉ።

ከጫማው ብናኝ ወደ ቡና ማፍላቱ እንምጣ። የፈረንጅ አምራች የዋስትና ወረቀት ላይ የማይገኝ ትልቁ የኢትዮጵያ ወለል ጠላት ከሰል ነው። የጋለ ከሰል ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ፒቪሲ ደግሞ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይልፈሰፈሳል። ከምድጃ የተፈናጠረች አንዲት ፍም ትራስ ያለውን ምንጣፍ እስከ ሊሾው ትበሳዋለች፤ ኤስፒሲ ላይ ቡናማ ጠባሳ ትተዋለች። ጭሱም ደግ አይደለም፤ ፒቪሲ ሲነድ ጉሮሮ የሚያንገበግብ የአሲድ ጋዝ ያወጣል። ረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው ቄጠማ ለጌጥና ለሽታ እንጂ ለመከላከያ አይሆንም፤ በየቡና ጠጡው አሁን የሚታየው የፕላስቲክ ሣር ደግሞ ራሱ ይቀልጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለምድጃው የሚሆን አንድ ሁለት ሴራሚክ ማስቀመጥ፣ ወይም ሳሎን ሲሠራ የቡናዋን ጥግ ከመጀመሪያው ሴራሚክ ማድረግ። ጠባሳው ከተፈጠረ በኋላ የዓይነቶቹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የተለጠፈ ኤልቪቲ በሙቀት ለስልሶ አንዷ ጣውላ ብቻ ትነሣና በሌላ ትተካለች። ክሊኩን ለመቀየር ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ጠባሳው ድረስ መፍታት ግድ ይላል። ጥቅሉ በቁራሽ ይጠገናል፣ ቁራሹ ግን ሁልጊዜ ይታያል።

አሁን ወደ ሐይቁ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝና ዝናቡ ያመጡትን ይቀበላል፤ የሚቀንሰው በአብዛኛው በትነት ነው። ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ይሞላል፤ በከተማዋ በኩል ግድብ የተሠራለትም በዚህ ምክንያት ነው። ግድቡ የሚያግደው ግን የሚታየውን ውሃ ነው። ከመሬት ሥር ያለው ከሐይቁ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ዳር ላይ ያለ ቤት ሊሾው ደረቅ ቢመስልም ሲሚንቶ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ውሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ውሃው ብቻውን አይመጣም፤ ከሲሚንቶው አልካሊ ይዞ ይወጣል። የማስቲሽ ጠላት ይህ አልካሊ ነው፤ ማጣበቂያውን ወደ ሳሙናነት የቀረበ ዝልግልግ ነገር ያደርገዋል። ታይሉ ጠርዙ ይነሣል፣ ሲረገጥ ከመገጣጠሚያው ቡናማ ፈሳሽ ይተፋል። ተንሳፋፊው ኤስፒሲ ማጣበቂያ ስለሌለው ከዚህ ይድናል፤ ሥሩ የታሰረው እርጥበት ግን መውጫ ሲፈልግ በዳሩ በኩል ወደ ዞኮሎውና ወደ ግድግዳው ቀለም ይሄዳል። ጣውላው ሳይበላሽ ቤቱ ይሸታል። «ውሃ አይነካውም» የተባለው ቃል አልታጠፈም፤ የተነካው ሌላው ነው።

መፈተኛው ማንም የሚችለው ነገር ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ሊሾው ላይ ይዘርጋ፣ አራቱም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አየር እንዳያስገባ ሆኖ ይታሸግ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ይተው። ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ቪኒል አይለጠፍበትም። በተለያየ ክፍል፣ በተለይ ወደ ሐይቁ በሚያየው ግድግዳ አጠገብ መደገም አለበት። ሰዓቱም ይመረጥ። በጥር የተደረገ ፈተና ባለቤቱን ሊያታልል ይችላል፤ ትክክለኛው ጊዜ ክረምቱ አልፎ መሬቱ በጠገበበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። አዲስ ለተፈሰሰ ኮንክሪት ደግሞ የሐይቁ ጉዳይ ቀርቶ የራሱ ውሃ አለው፤ ሙያተኞች ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት የአንድ ወር ያህል ማድረቂያ ይሰጡታል። 10 ሴንቲሜትር ወለል አራት ወር መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ኪራይ የሚጠብቅ ባለቤት አራት ወር እንደማይታገሥ አውቃለሁ።

ገና የሚሠራ ቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሀርድ ኮሩ አፈር ያልተቀላቀለበት ድንጋይ ይሁን፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃው እየተሳበ እንዳይወጣ ይቆርጠዋል። ከኮንክሪቱ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ መገጣጠሚያው አንድ ስንዝር ያህል ይደራረብ፣ ብረት ሠራተኛው በጫማው እንዳይቀደው ይጠበቅ። የቤቱ ወለል ከውጭው ግቢ ከፍ ይበል። ይህ ሁሉ ከጠቅላላ ግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ካለቀና ፈተናውን ከወደቀ በሊሾው ላይ የሚቀባ እርጥበት የሚዘጋ ኢፖክሲ አለ፤ ውድ ነው፣ ሥራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔን ከጠየቁኝ ለሐይቅ ዳር ምድር ቤት ሴራሚክ ወይም ቴራዞ ይሁን፣ ቪኒሉ ፎቅ ላይ ይውጣ። እርጥብ ሊሾ ላይ ሲሚንቶ የያዘው ሴራሚክ ለእርጥበት ይህን ያህል አይበረግግም።

ለንግድ ቤት ምክሩ ሌላ ነው፤ ቤቱ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓሣ የሚጠበስበት ጓዳ ቪኒል አይገባውም። ዘይቱ 180 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንዴ ቢገለበጥ ወለሉ ይቀልጣል። ሻካራ ፖርስሊን ወይም ወደ ፍሳሽ ያዘነበለ ኮንክሪት ይሁን። የማንሸራተት ደረጃውን የሚናገር፣ ከአር9 እስከ አር13 የሚሄድ ቁጥር አለ፤ የሚለካው ዘይት በተቀባ ተዳፋት ላይ ጫማ ያደረገ ሰው እየተራመደ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያዳልጠው በማየት ነው። ለጓዳ ከፍተኛውን ወገን ይዞ መሄድ ነው። ተመጋቢ የሚቀመጥበት አዳራሽ ላይ ግን 0.55 ሽፋን ያለው የተለጠፈ ኤልቪቲ ይሆናል፤ የብረት ወንበሮቹ እግር የፕላስቲክ ቆብ ይደረግላቸው እንጂ።

ፀጉር ቤት ሌላ መከራ አለው። ሂናና የፀጉር ቀለም ወለሉ ላይ በጠብታ ይወርዳል፤ ወዲያው ካልተጠረገ ቪኒል ውስጥ ይሰርጋል። ነጣ ያለ ቀለም የሚመርጥ የፀጉር ቤት ባለቤት በሁለት ወር ውስጥ ይጸጸታል። የቤት ጓዳ ውስጥ እርድና በርበሬ የሚሠሩትም ይኸው ነው፤ ላዩ ፖሊዩረቴን የተቀባ ዓይነት ይሻላል።

ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር መግዛት አለበት፤ ሱቅ ሄዶ የሚያየው ጣውላ አይሆነውም። ለሕክምና ቦታ የተሠራው ቪኒል ሥዕል የለውም፤ ከላይ እስከ ታች 2 ሚሊሜትሩ አንድ ወጥ ነው። እንደ ሳሙና ነው፤ ቢያልቅም ያው ራሱ ነው። ጭረት ሲበዛበት ይወለወልና ይታደሳል። ከሁሉ በላይ መገጣጠሚያው በሞቀ አየርና በቪኒል ክር ይበየዳል፤ ግድግዳው ላይም 10 ሴንቲሜትር ያህል ጎብጦ ስለሚወጣ ማዕዘን የሚባል ነገር አይኖርም። ደም፣ ውሃ፣ የመድኃኒት ጠብታ የሚደበቅበት ስንጥቅ አይገኝም። ለቀዶ ጥገና ክፍል ከሥሩ የመዳብ ሪባን የሚዘረጋበትና የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ዓይነትም አለ። ዓይን አይስብም፣ አረንጓዴና ግራጫ ነው፣ ለሠርግ ፎቶ አይሆንም። ከቪኒል ሁሉ የምመርጠው ግን እሱን ነው። ችግሩ ሠራተኛው ነው፤ ብየዳውን የሚችል ባለሙያ ማግኘት ዕቃውን ከማግኘት ይከብዳል።

ትንሽ ስለ ጤና። ርካሽ ምንጣፍ አዲስ ሲዘረጋ የሚሸተው ከማለስለሻው ጭምር የሚመጣ ነው። ፍታሌት ከሚባሉት ማለስለሻዎች ውስጥ አራቱን የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የቤት ዕቃ ላይ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይኖሩ ከልክሏል፤ ምክንያቱ በመራቢያ ጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። ሕፃን የሚድህበት ክፍል ከሆነ ካርቶኑ ላይ ከፍታሌት ነፃ መሆኑ የተጻፈውን መፈለግ፣ ምንጣፍም ከሆነ ለጥቂት ቀን ደጅ ጥላ ላይ ማናፈስ ይበጃል።

የመጨረሻው ነገር ሒሳብ ነው። የክፍሉ ስፋት ከተለካ በኋላ ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ያህል ይጨመራል፤ ክፍሉ ማዕዘኑ የተዛባ ከሆነ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ላይ አንድ ካርቶን ተርፎ አልጋ ሥር ይቀመጥ። አንድ ዓይነት ስምና ቁጥር ያለው ጣውላ በሌላ ዙር ሲመረት ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ አስመጪው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዕቃ ላያመጣ ይችላል። ከሰሉ የሚወድቀው ዕቃው ከገበያ ከጠፋ በኋላ ነው።